የኖፓው ድልድይና ህንዳዊው መሐንዲስ

መሐንዲሱ መቱ የገባ ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር ብል ምንም አላወራሁም፤ በኢሉባቦር ሰው የሚያስታውሰው ያልዘነበበትን ቀን ነው። የመሥሪያ ቤታችን ጂፕ እስከ ጣሪያው ጭቃ ተመርጎ ገበያው ዳር ቆመ። ከውስጡ ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ የሸበተ ሰው ወረደ። ሁላችንም ነጭ ፈረንጅ እንጠብቅ ስለነበር የመሐንዲሱ ረዳት መስሎን አልፈነው ወደ መኪናው ውስጥ ተመለከትን። ሌላ ሰው አልነበረም። ሰውየው ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝና በእንግሊዝኛ፣ «የምትጠብቁት እኔን ነው፤ ይቅርታ» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ ቀያሽ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው፤ አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለ ነው እናቴን ያገባው። አዲስ አበባ ቅየሳ ተማርኩና «የአካባቢውን ቋንቋ ያውቃል» ተብዬ ወደ ኢሉባቦር ተመለስኩ። ደስ አላለኝም። አብረውኝ የተማሩት አስመራና ድሬዳዋ ሲመደቡ እኔ ከሸሸሁት ጭቃ ተመልሼ ገባሁ። ሥራችን ከመቱ ወደ ኖፓ የሚወስደውን የበቅሎ መንገድ መኪና እንዲያስኬድ ማድረግ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ወንዝም በድልድይ ማሻገር ነበር። ወንዙን በበጋ ሰው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ኖፓ ከመቱ ይቆረጣል። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው መጥተው፣ ውሃው እስኪጎድል ማዶ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ።

ሀገራችን መሐንዲስ አልነበራትም ማለት አይደለም። ነበሩ፤ ግን በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ አዲስ አበባ ላይ ጠረጴዛ ይዘው ቀሩ። ጭቃውን የሚረግጠው ከውጭ ይመጣ ነበር። ከህንዳዊው በፊት የተላከልን ፈረንጅ አንድ ክረምት ካየ በኋላ ጤናዬ አልፈቀደም ብሎ ሄዷል። ስለዚህ ይህኛው ሲመጣ ማንም ብዙ ተስፋ አላደረገም።

ያደረው እኔ በተከራየሁበት ግቢ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከጓሯቸው በቀር የትም የማይሄዱ ሴት ነበሩ። ለእንግዳው ክብር ዶሮ አርደው ጠበቁት። ወጡ ሲቀርብ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ምነው፣ ጠላው እንዴ?» አሉኝ።

«ሥጋ አይበላም፣ እትዬ። በሃይማኖቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀምሶ አያውቅም።»

«እንቁላልስ?»

«እንቁላልም አይበላም።»

«ወተት?»

«ወተት ይጠጣል።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ግማሽ ጿሚ ነው» ብለው ዶሮውን ለእኔ ገፉልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር እየሠሩ አበሉት። ሁዳዴ ሲገባ ግቢው ውስጥ ያልተቸገረው እሱ ብቻ ነበር። ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ክርስትና ባይነሳም አመሉ የመነኩሴ ነው» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው «እሱ» እያልኩ መጻፌ ከድፍረት አይደለም። እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም፤ ከእሱ ጋር ያሳለፍኩት ዘመን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በልቤም እንዲሁ ቀረ። ፎርማናችንን ጋሼን ግን አንቱ ሳልል አስቤያቸው አላውቅም። ጋሼ የኡካ ሰው ነበሩ፤ በግንበኝነት ያረጁ፣ አማርኛና ኦሮምኛን እንደ ሁለት እጆቻቸው የሚያዟዙሩ። የሥራው ትእዛዝ ከመሐንዲሱ ወደ እኔ በእንግሊዝኛ፣ ከእኔ ወደ ጋሼ በአማርኛ፣ ከጋሼ ወደ ሠራተኛው በኦሮምኛ ይሄዳል። ሠራተኛው ጥያቄ ካለው በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ዝናብ እየመታህ ይህን ስታደርግ መዋል ከድንጋይ መሸከም ይልቅ ያደክማል። ኦሮምኛውን እኔም እችል ነበር፤ ነገር ግን ጋሼን ዘልዬ ሠራተኛውን ባዝዝ ነውር ይሆናል።

ሥራው ቶሎ አልሄደም። ሲሚንቶ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገድ ላይ እርጥበት ይጠጣና ግማሹ በከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይደርሳል። ፌሮ የተጫነበት መኪና በደሌ ላይ ተበላሽቶ ወራት ያስጠብቀናል። ቡና ሲደርስ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ለቀማ ይገባል፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ የዓመት ኑሮው ነው። መሐንዲሱ ያን ጊዜ ባዶው ወንዝ ዳር ከእኔ ጋር ተቀምጦ፣ ምንም ሳይናደድ፣ የቆመውን ምሰሶ ያያል። መናደድ ሲያምረው ያየሁት ጊዜ የለም። በኋላ ሲገባኝ ግን ትዕግሥት አልነበረም፤ ገና ወደ እኛ ሳይመጣ ነው የደከመው።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ጂፑ ዳገቱ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ በሬ ፍለጋ ወደ መንደር ሄደ፤ እኛ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን መስኮቱን የሚመታውን ዝናብ እናዳምጥ ጀመር። ብዙ ቀን ልጠይቀው ፈልጌ የተውኩትን ያን ጊዜ ጠየቅሁት።

«ለምን መጣህ? ሀገርህ ሥራ የለም?»

«ሥራ አለ። ከሥራው የሚበልጠው መሐንዲሱ ነው» አለ። «እንግሊዞች ሲሄዱልን መንግሥታችን መጀመሪያ ያለው ‹መሐንዲስ እናፍራ› ነው። ልክ ነበር። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተማርን። በኋላ ግን ፋብሪካው እንደ ትምህርት ቤቱ ቶሎ አልተከፈተም። እኔ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ የአጎቴን ሱቅ እጠርግ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌሎች ሀገሮች ነፃ ወጡ፤ እንዳንተ ሀገር ያሉትም መንገድ ፈለጉ። ኩባንያዎቻችን መጥተው ‹እንደ እንግሊዙ እንሠራለን፣ እንደ እንግሊዙ አናስወድድም› አሉ። ሀገሬ ድሮ ቅመምና ጨርቅ ትልክ ነበር። አሁን እኛን ትልካለች።»

«መጥፎ ነገር ነው?»

ዝናቡ በመስኮቱ መስታወት ላይ እንደ ወንዝ ይወርድ ነበር።

«መጥፎ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አድካሚ ነው። ይህ አራተኛ ሀገሬ ነው። በእያንዳንዱ ሀገር ‹ሰላም›፣ ‹ውሃ›ና ‹ነገ› የሚሉትን ቃላት እማራለሁ፤ አራተኛ ቃል ሳልይዝ እሄዳለሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ አራት ሀገር ማየት የሚያስቀና እንጂ የሚያደክም መስሎ አልተሰማኝም። በሬዎቹ መጡና ወርደን ገፋን።

የድልድዩን ወለል አርማታ የሞላንበትን ቀን አልረሳውም። የወለል አርማታ አንዴ ከተጀመረ እስኪያልቅ አይቆምም፤ መሐል ላይ ከቆመ የደረቀውና እርጥቡ በደንብ አይያያዙም፣ ሸክሙን የሚሸከመው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብራ የሚመስል ቀን ስንጠብቅ ሰነበትንና በአንዱ ማለዳ ጀመርን። ጠጠሩን፣ አሸዋውን የሚያቀብለው ተሰልፏል፤ ሁለት ሁለት ሰው ባሬላ ተሸክሞ ይመላለሳል፤ ጋሼ አርማታው በሚፈስበት የእንጨት ካሳፎርማ ላይ ቆመው ይጮሃሉ። ጥሩ እየሄደልን ሳለ የፖስታ ቤቱ መልእክተኛ ከመቱ በእግሩ መጥቶ ለመሐንዲሱ ቴሌግራም ሰጠው።

ቆሞ አነበበው። አጠፈና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ በቡሬ በኩል እየጠቆረ ነበር።

«ምን ያህል ይቀራል?» አለኝ።

«ግማሽ ያህል።»

«ፍጠኑ በላቸው።»

ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼም፣ «ኢቲ ፉፋ! ቀጥሉ! ኢቲ ፉፋ!» እያሉ ጮሁ። መሐንዲሱ ኮቱን አውልቆ ወረደና አንድ ሠራተኛ በደከመበት ባሬላ ጫፍ ገባ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲያደርግ አይተነው አናውቅም። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እንደ ጨዋታ ቆጥረው ዘፈን አነሡለት። እሱ አልሳቀም፤ ግን እኔም ስለ ዝናቡ የተጨነቀ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ዋለ። የመጨረሻው ባሬላ ተገልብጦ፣ ወለሉ ተደልድሎ፣ በጆንያና በሣር እንደ ሸፈንነው ዝናቡ ወረደ። ሰዉ እልል እያለ ወደ መጠለያው ሮጠ።

መሐንዲሱ ግን ዝናቡን ሳይፈራ ወንዙ ዳር ወርዶ እጁን ረዥም ጊዜ ታጠበ። ተከተልኩት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አባቴ ሞቷል» አለኝ።

ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ነበር። «ምን አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መቼ ሰማ?»

«ጠዋት። ያ ወረቀት መጥቶ አልነበር፣ እሱ ነው።»

ጋሼ ወደ ድልድዩ፣ ከዚያ ወደ ሰውየው አዩ። ከጎኑ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ሦስታችንም እዚያው በሰበስን።

እትዬ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ። «መርዶ በወረቀት? ያውም ብቻውን፣ ያውም በሥራ ቦታ? ሰው የለውም እንዴ ይህ ልጅ?» አሉ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቁታል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ደግፎት ነው። እሱ ደግሞ በበኩሉ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ እንድፈልግለት ለመነኝ። አባት ሲሞት የበኩር ልጅ ፀጉሩን መላጨት እንዳለበት ነገረኝ። ለእትዬ ስተረጉምላቸው ቁጣቸው ሁሉ በረደ።

«እኛም እንላጫለን» አሉ። «ይኸማ የእኛው ለቅሶ ነው።»

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ፤ ዕድሩ ድንኳን ሰጠ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። መሐንዲሱ ራሱን ተላጭቶ፣ በእትዬ ነጠላ ትከሻውን ሸፍኖ ተቀመጠ። ጎረቤቱ መጣ። ሠራተኞቻችን ወንዙን ገና ሳይሞላ ተሻግረው፣ ከኖፓ በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ጭምር በጭቃው መጡ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው፣ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» አሉት፤ እግዚአብሔር ያጽናዎ ማለታቸው ነው። የደብሩ ቄስ የክርስቲያን ለቅሶ ስላልሆነ ይገቡ አይገቡ እንደሆነ ደጃፉ ላይ ጥቂት አመነቱ፤ በኋላ ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ጸሎት አላደረሱም፣ ግን እስኪመሽ አልሄዱም።

እሱ ግራ ገባው። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ግን እነዚህ ሰዎች አባቴን አያውቁትም» አለኝ።

እትዬ ምን እንዳለ ጠየቁኝና፣ «አንተን እናውቅ የለም ወይ በለው» አሉ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ስለ ሟቹ እንዲያወራ ጠየቁት። በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ እኔ በአማርኛ መለስኩ፤ ጋሼ በኦሮምኛ ተቀበሉኝ። ያው የሥራው መንገድ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አላደከመኝም። አባቱ ገበሬ ነበር። ሩዝ የሚያበቅል ጥሩ ማሳ ነበረው፤ ልጁን መሐንዲስ ለማድረግ ሸጠው። ሰዉ መሬት መሸጥ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አጉረመረመ።

«እኛ ሀገር ሬሳ ይቃጠላል፤ እሳቱን መለኮስ የእኔ ፈንታ ነበር» አለ። «በኩር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ለኮሰው። ቴሌግራሙ እኔ ዘንድ ሲደርስ አባቴ አመድ ከሆነ ሰንብቷል። አባቴ፣ መሬቱን ሸጦ ያስተማረው መሐንዲስ የት እንዳለ፣ በሞቱ ቀን እንኳ በትክክል አያውቅም ነበር። ‹ኢሉባቦር› የሚለውን ቃል መጥራት አይችልም ነበር።»

ጋሼ የመጨረሻውን ወደ ኦሮምኛ ሳይመልሱት ሴቶቹ አለቀሱ። እሱም ያን ጊዜ አለቀሰ።

ድልድዩ በሚቀጥለው በጋ ተመረቀ። ከጎሬ ባለሥልጣኖች መጡ፤ ሪባን ታሰረ፤ ተማሪ ተሰለፈ። ንግግር ያደረጉት ሹም ድልድዩ በሀገር ልጅ እውቀት መሠራቱን ተናገሩና፣ «የታለ መሐንዲሳችን?» ብለው እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ፊት አወጡኝ። መሐንዲስ እንዳልሆንኩ፣ ቀያሽ እንደሆንኩ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ጭብጨባው ዋጠኝ። መሐንዲሱ ከኋላ ጂፑ አጠገብ ጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። በኋላ ሄጄ በጣም እንዳፈርኩ ነገርኩት።

«አትፈር» አለኝ። «የመጀመሪያው ድልድዬ ሲመረቅ ከፊት ያቆሙት እኔን ነው። ያስተማረኝ እንግሊዛዊ ከመኪናው ዘንድ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ‹ከኋላ መቆም ይገባዋል› ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እግሩን ሳያመው አይቀርም።» ሳቀ። «ለማንኛውም ከሚቀጥለው ድልድይ ጀምሮ መሐንዲስ መባልህ እውነት ይሆናል። ኮንትራቴ አልቋል።»

የሄደው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቀው ወደ አንድ የበረሃ ሀገር መሆኑን ነገረኝ። ቢያንስ ጭቃ የለም፣ አለኝ። እትዬ የሽሮ ዱቄት ቋጥረው ሰጡት፤ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ፤ በኋላ ግንባሩን ሳሙት። አውቶቡሱ ተነሥቶ እስኪታጠፍ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ፣ «እናቱስ በሕይወት አለች ይሆን? አልጠየቅነውም» አሉ። እውነት ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን ማናችንም አልጠየቅንም።

እኔን በተጠባባቂ መሐንዲስነት የኡካን መንገድ አስረከቡኝ። ሹመት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከውጭ ሌላ ሰው ለማምጣት አዲስ አበባ ስለታከታት ነበር። አለማወቄን እያወቅሁ አዋቂ መምሰል ምን ያህል እንደሚያደክም ያኔ ተማርኩ። ማታ መጽሐፍ ገልጬ ያነበብኩትን ጠዋት እንደ ድሮ እውቀት አወራለሁ። ጋሼ ይገባቸዋል፤ ግን በሰው ፊት አይናገሩም። አንድ ክረምት ጎርፉ የሠራነውን የዳር ግንብ ይዞት ሄደ፤ እንደገና ሠራነው። የሞተ ሰው የለም፤ ለዚያ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዝናብ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በኢሉባቦር እንዲህ መሆን ማለት አለመተኛት ማለት ነው።

በዚያ መሐል ከመሐንዲሱ ደብዳቤ መጣልኝ። ኩባንያው ሰፊ ሥራ አግኝቷል፤ ቀያሽ ይፈልጋሉ፤ ስለ እኔ ነግሯቸዋል፤ ልምጣ። ደብዳቤውን ይዤ ብዙ ቀን ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ምን ይላሉ፣ ጋሼ? ልሂድ?»

ድንጋይ እየጠረቡ ነበር፤ መዶሻውን አላስቀመጡም። «ሂድ ብልህ ልጄን መሸጥ ይሆንብኛል፤ ቅር ብልህ ልጄን ማሰር ይሆንብኛል። እኔን አትጠይቀኝ» አሉ።

አልሄድኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ለሀገሬ ብዬ ነው እያልኩ አውርቻለሁ፤ ደስ የሚል መልስ ነው። እውነቱ ግን፣ የኡካ መንገድ ገና አጋማሽ ላይ ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም ሰው አባቱን የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም፤ ምናልባት ከዚያም ሀገር ወደ ሌላ ተልኮ ይሆናል።

አብረውኝ ከተማሩት ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ሄዱ። አንዱ የባሕር ማዶ ወደብ ይሠራል ሲባል፣ ሌላው የነዳጅ ቧንቧ ይቀይሳል ሲባል እሰማ ነበር። ሀገራችን ለራሷ ያልበቃትን ባለሙያ እሷም በተራዋ ትልክ ጀመር።

ቡሬ ወርጄ እናቴን ስጠይቅ ግን ይህን ሁሉ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ወሬው ከእኔ በፊት ይደርሳት ነበር።

«የእነ እገሌ ልጅ ከውጭ ገንዘብ ልኮ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራላት» ትለኛለች። «አንተ ለምን አልሄድክም?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ፣ እማዬ።»

«እኔማ አልጠየቅሁህም» ትላለች። ከዚያ እግሬን አይታ፣ ጭቃውን አራግፌ እንድገባ ውሃ ታቀርብልኛለች።